ሱሱን ዕድሜ ልኩን የደበቀው የሐር ክር ሐኪም

ጊዜው 1882 ነው። (ጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አልባኒ በምትባለው የኒውዮርክ ግዛት ከተማ አንዲት እናት በጠና ታመዋል። ሐኪሙ ልጃቸው ከኒውዮርክ ከተማ ተጠርቶ መጣ። አያቸው፣ እስኪነጋ መጠበቅ እንደማይቻል ገባው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እናቱን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ሆዳቸውን ከፈተ። የሐሞት ከረጢታቸው መግል ሞልቶት ነበር። መግሉን አፍስሶ 7 ጠጠር አወጣላቸው። እናትየው ዳኑ።

ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እህቱ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ ልትሞት ደርሳ ነበር። ሰውየው ከራሱ ክንድ ደም በመርፌ ቀድቶ ለእሷ ሰጣት፣ ከዚያ ቀዶ ጥገናውን ሠራላት። ልብ በሉ፣ ያኔ የደም ዓይነት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያ የታወቀው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ደማቸው ባይገጥም ኖሮ እህቱን በገዛ ደሙ ሊገድላት ይችል ነበር። ገጠመ፣ ተረፈች።

ሰውየው ዊልያም ስቱዋርት ሃልስተድ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ብዙ ትሆናላችሁ፣ ሥራው ግን በየሆስፒታሉ አለ። ቀዶ ሐኪም ጓንት ሲያደርግ ካያችሁ የእሱ እጅ አለበት። ሬዚደንት የሚባል ሐኪም አክሟችሁ ከሆነም እንደዚያው። ዛሬ ግን በዋናነት የምናወራችሁ ስለ አንድ ቀጭን ነገር ነው፤ ስለ ሐር ክር። ሰውነታችን ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ ሰውነት ምን ያደርጋል? ይሄን ጥያቄ እንደ ሃልስተድ ከምር የወሰደው ቀዶ ሐኪም በዘመኑ ጥቂት ነበር።

የተወለደው በ1852 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ጨርቃ ጨርቅ ከውጭ እያስመጣ ከሚሸጥ ሀብታም ቤተሰብ ነው። (የክር ነገር ከልጅነቱ ጆሮው ሳይገባ አልቀረም ብለን እንጠረጥራለን።) ዬል ዩኒቨርሲቲ ሲማር የታወቀው በኳስ ነበር፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ አምበል ነው። በትምህርቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ መጽሐፍ እንኳ ተውሶ ስለመውጣቱ ማስረጃ የለም እያሉ እስከዛሬ ይቀልዱበታል። ሕክምና ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ሆነ። በ1877 ከኮሎምቢያ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፣ ቀጥሎ 2 ዓመት አውሮፓ ሄዶ ቪየናና የጀርመን ከተሞች ውስጥ የዘመኑን ታላላቅ ቀዶ ሐኪሞች ሥራ ሲከታተል ቆየ።

በ1880 ሲመለስ ኒውዮርክን አነቃነቃት ማለት ይቻላል። በአንድ ጊዜ በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራል፣ ማታ ተማሪዎችን ያስጠናል፣ ሲቀድ ደግሞ ፈጣንና ደፋር ነው። ቤልቪው ሆስፒታል ውስጥ አንዳንድ አንጋፋ ሐኪሞች ስለ ጀርም የሚወራውን ነገር ገና አልተቀበሉም ነበር። እሱ ከእነሱ ጋር ሲከራከር ጊዜ ከማጥፋት ግቢው ውስጥ ለብቻው ድንኳን አስተክሎ በንጽሕና መሥራት ጀመረ። በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ምናልባት ጎበዝና ሀብታም የከተማ ሐኪም ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1884 ከቪየና አንድ ዜና መጣ። ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም የኮኬይን ጠብታ ዓይን ላይ ሲያደርግ ዓይኑ እንደሚደነዝዝ አረጋግጧል። እስከዚያ ድረስ ቀዶ ጥገና ማለት ወይ በኤተርና በክሎሮፎርም ሙሉ ለሙሉ መተኛት፣ ወይ ስቃዩን መቻል ነው። ሃልስተድ ዜናውን እንዳነበበ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ኮኬይኑን በመርፌ ነርቩ አጠገብ ብንወጋውስ? ያ ነርቭ የሚያዘው የሰውነት ክፍል በሙሉ ይደነዝዝ ይሆን?

ሀሳቡ ልክ ነበር። ዛሬ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ መንጋጋችሁን ተወግታችሁ ግማሽ ፊታችሁ ሲደነዝዝ ይሄው ዘዴ ነው፤ መድኃኒቱ ብቻ ተቀይሯል። ችግሩ ሙከራውን የሠሩት በማን ላይ ነው የሚለው ነው። በራሳቸው። ሃልስተድ፣ የሥራ ባልደረቦቹና ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ ተወጋጉ። ኮኬይን ሱስ እንደሚያስይዝ ያኔ በደንብ አልታወቀም፣ እንዲያውም ሐኪሞች እንደ ማነቃቂያ ያዙት ነበር። በወራት ውስጥ ብዙዎቹ ሱሰኛ ሆኑ። ከእነሱ መካከል ሙያቸውን ያጡ አሉ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ አሉ።

ሃልስተድ በ1885 ስለ ኮኬይን ጥናቱ አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጣ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተጀምሮ አያልቅም፣ መጨረሻው ከመነሻው ጋር አይገናኝም፣ ምን ማለት እንደፈለገ አይገባም። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ያችን ዓረፍተ ነገር የሚያነሷት የታመመ አእምሮ በአደባባይ የታየባት ስለሆነች ነው። ያ ኒውዮርክን ያነቃነቀ ሰው በቃ ጠፋ። ሥራ ቀረ፣ ክፍል ቀረ።

በ1886 ፕሮቪደንስ ከተማ የሚገኘው በትለር ሆስፒታል ገባና ወራት ቆየ። እዚያ የኮኬይኑን ጥማት የሚያስታግሱለት በሞርፊን ነበር። አዎ፣ በሞርፊን። በዘመኑ አእምሮ ይሄ ሕክምና ነው። ሃልስተድ ሁለት ሱስ ይዞ ወጣ ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

የኒውዮርክ በር ተዘግቶበታል። አንድ ሰው ግን አልተወውም። ጓደኛው ዊልያም ዌልች ባልቲሞር ውስጥ ሊከፈት ባለው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ነበር። ቤቱ አስጠጋው፣ ላብራቶሪም ሰጠው። በሽተኛ የለም፣ ሕዝብ የለም፣ ግርግር የለም። ሥራው ውሾች ላይ ነው።

ሐር የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የተቆረጠ አንጀት እንዴት ይሰፋል? ያኔ የተሰፋ አንጀት ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ከተከፈተ ደግሞ የውስጡ ቆሻሻ ሆድ ውስጥ ፈስሶ ሰውየው ይሞታል። ሃልስተድ መርፌውን በውሻ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያሳልፍ አንድ ነገር በጣቱ ተሰማው። መርፌው በአብዛኛው ቦታ ሸርተት ብሎ ያልፋል፣ አንዲት ስስ ድርብ ጋ ሲደርስ ግን ይያዛል። ይቺ ከአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ስር ያለች ድርብ ናት፤ የአንጀት ጥንካሬ ያለው በእሷ ላይ ነው። ክሩ እሷን ከያዘ ስፌቱ ይጸናል፣ አልፎ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቆሻሻ ይስባል። ይሄን በ1887 አሳተመው። ለዚህ የሚሆነው ወፍራም መርፌና ወፍራም ክር አይደለም። ቀጭን መርፌ፣ ቀጭን ሐር፣ እና ትዕግሥት።

ትዕግሥት የሚለውን አስምሩበት። ከሱሱ በፊት የነበረው ሃልስተድ ፈጣን ነው። ከሱሱ በኋላ ያለው ሃልስተድ በጣም ዝግተኛ ከመሆኑ የተነሳ ሌሎች ሐኪሞች ይቀልዱበት ነበር። አንዳንዶች የሞርፊኑ ውጤት ነው ይላሉ። እኛ ግን ያ ብቻ አይመስለንም። ውሾቹ ላይ ባሳለፈው ጊዜ ሥጋ እንዴት እንደሚድን በዓይኑ አይቷል። ሥጋ በመቆንጠጫ ከተጨፈለቀ ይሞታል፣ የሞተ ሥጋ ለጀርም ምግብ ነው። ስለዚህ ደም የሚፈስበትን እያንዳንዱን ቀጭን ደም ስር እየያዘ፣ በቀጭን ክር እያሰረ፣ ድርብ በድርብ ይሰፋ ጀመር። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ቁስሉ ግን ንጹሕ ሆኖ ይድናል።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም የሚሰፋው በካትገት ነበር። ካትገት ከበግ አንጀት የሚሠራ ክር ነው። ሰውነት ራሱ ስለሚያሟሟው ጥሩ ይመስላል። ግን ከጀርም ማጽዳቱ ከባድ ነው፣ መቼ እንደሚሟሟ አይታወቅም፣ በሚሟሟበት ጊዜም ዙሪያውን ያስቆጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቴዎዶር ኮኸር፣ በኋላ በ1909 ኖቤል የተሸለመው፣ በካትገት ምክንያት ቁስሎች ሲመግሉበት ጊዜ ትቶት ወደ ሐር ዞሯል። ሃልስተድም ሐርን መረጠ፣ ግን ሕግ አወጣለት።

ሐሩ ቀጭን ይሁን፤ ከሚሰፋው ሥጋ የበለጠ የሚጠነክር ክር ጥቅም የለውም፣ ሥጋውን ይቆርጠዋል እንጂ። በጥቂት ወፍራም ክር ከመስፋት በብዙ ቀጭን ክር መስፋት ይሻላል። አንዱን ረጅም ክር እያስኬዱ መስፋት ቀርቶ እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ይቋጠር፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው እንዲይዝ። ሐርና ካትገት አንድ ቁስል ውስጥ አይቀላቀሉ። ከሁሉ በላይ፣ ጀርም በገባበት ቁስል ሐር አይግባ። በ1913 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ቀጭን ሐር የጻፈው ሰፊ ጽሑፍ የዚህ ሁሉ ድምር ነው።

የመጨረሻውን ሕግ ምን አመጣው? የሐር ክር በጣም ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ የተጎነጎኑበት ነው። ጀርም በክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ከገባ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ሊደርሱበት ይቸገራሉ። ቁስሉ ከላይ ድኖ ከውስጥ ይመግላል፣ ከወራት በኋላ ክሩ ራሱ በቆዳ በኩል ይወጣል። ሐር የሚሠራው ንጹሕ እጅ ባለበት ነው ማለት ነው።

የጓንቱ ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ሆፕኪንስ በ1889 ሲከፈት ሃልስተድ በቀዶ ጥገና ክፍሉ ተመደበ። የክፍሉ ዋና ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን ትባላለች። እጅ የሚነከርበት የሜርኩሪ ውሁድ ቆዳዋን አቆሰለው፣ ሥራውን ልትተው ደረሰች። ሃልስተድ ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ ለእጇ የሚሆን ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። ዓላማው በሽተኛውን ከጀርም መጠበቅ አልነበረም፣ የእሷን እጅ ማዳን ነበር። በ1890 ተጋቡ። ጓንቱን ሌሎች ረዳቶችም ወደዱት። ከተማሪዎቹ አንዱ ጆሴፍ ብለድጉድ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቡዓ ቀዶ ጥገናዎችን ቆጥሮ ሐኪሙ ራሱ ጓንት ሲያደርግ የሚመግሉ ቁስሎች በጣም እንደሚቀንሱ ያሳየው ከዓመታት በኋላ ነው። ሃልስተድ ያን ያህል ጊዜ ዓይኑ ሥር ያለውን ነገር አለማየቱ ይገርማል።

አሁን ትንሽ ወደ ትሉ እንሂድ፤ ነገሩ ያለዚያ አይገባም። የሐር ትል ራሱን የሚጠቀልልበት ኮኩን ከሁለት ፕሮቲኖች የተሠራ ነው። አንደኛው ፋይብሮይን ይባላል፤ ክሩ ራሱ እሱ ነው። ሁለተኛው ሴሪሲን ነው፤ ክሮቹን የሚያጣብቅ ሙጫ፣ ከኮኩኑ ሩብ ያህሉን ይይዛል። ፋይብሮይን የተገነባው በአብዛኛው ግላይሲንና አላኒን ከሚባሉ ትንንሽ አሚኖ አሲዶች ነው። ትንንሽ ስለሆኑ ሰንሰለቶቹ እንደተደራረበ ወረቀት ጥቅጥቅ ብለው ይተኛሉ። ጥንካሬው የመጣው ከዚያ ነው። የሰውነት ኢንዛይም ቶሎ የማይፈታውም ለዚህ ነው። ሙጫው ሴሪሲን በአግባቡ ካልታጠበ ግን ክሩ ሰውነትን ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ ለስፌት የሚሆን ሐር ሙጫው ታጥቦ በሰም ወይም በሲሊኮን ይለበጣል።

እና አንድ አስቂኝ ነገር። የሐር ክር እስከዛሬ የሚመደበው ሰውነት ከማያሟሟቸው ክሮች ተርታ ነው። እውነቱ ግን አንድ ዓመት አካባቢ ሲሞላው ጥንካሬው አብዛኛው ይጠፋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቁስሉ ቢከፈት ክሩ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቀስ ብሎ ይበላል፣ የሚቀረውም አሚኖ አሲድ ነው፤ ሥጋና እንቁላል ስንበላ የምናገኘው ዓይነት።

የዛሬዎቹ ባለሙያዎች የያዙት ይችን ቀስ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ካፕላን ላብራቶሪን የመሳሰሉ ቦታዎች ኮኩኑን በሶዳ ውኃ ቀቅለው ሴሪሲኑን ያወጣሉ፣ ቀሪውን ፋይብሮይን በሊቲየም ብሮማይድ ጨው ያሟሙታል፣ ጨው ጨውን ደግሞ በውኃ ያስወግዳሉ። በእጃቸው የሚቀረው ፈሳሽ ሐር ነው። ከእሱ ስስ ላስቲክ የመሰለ ነገር፣ ስፖንጅ፣ ጄል፣ የተሰበረ አጥንት የሚይዝ ብሎን ሳይቀር ሠርተው ሞክረዋል። ሰንሰለቶቹ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብለው እንዲተኙ በማስተካከል እቃው ሰውነት ውስጥ ሳምንታት ይቆይ ወይስ ዓመታት የሚለውን መወሰን ይችላሉ። ለቀዶ ጥገና ድጋፍ የሚሆን የሐር መረብ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቶ ሥራ ላይ ውሏል። ከዚህ አልፈው የሐርንና የሸረሪት ድርን ጂን በባክቴሪያና በእርሾ ውስጥ አስገብተው ፕሮቲኑን የሚያመርቱም አሉ። ትል የለም፣ ኮኩን የለም። በዚያ መንገድ ጂኑ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ሊጨመር ይችላል፤ ለምሳሌ የሰው ሕዋስ የሚጣበቅበት ቦታ፣ ወይም ጀርም የሚገድል ቁራጭ። ጀርም የሚገድለው ሐር ገና በላብራቶሪ ደረጃ ያለ ነው። ቢሳካ ግን የሃልስተድ የመጨረሻ ሕግ፣ ጀርም ባለበት ሐር አይግባ የሚለው፣ ሊፈርስ ነው።

ሃልስተድ ከዚህ ሁሉ ያወቀው ጥቂት ነው። እሱ ያየው ቁስሉን ነው።

አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ግን ፍትሕ አይሆንም። ለደም ስር ይህን ያህል የሚሳሳው ሰው ለጡት ካንሰር የሠራው ቀዶ ጥገና እጅግ ከባድ ነበር። ጡቱን፣ ከስሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት ዕጢዎችን አንድ ላይ ያወጣል። ካንሰር ከቦታው ቀስ እያለ ወደ ዙሪያው ነው የሚስፋፋው ብሎ ያምን ነበርና ሰፋ አድርጎ መቁረጥ መዳኛ መሰለው። በ1894 የ50 ሴቶችን ውጤት ሲያወጣ ካንሰሩ እዚያው ቦታ የተመለሰባቸው በጣም ጥቂት ስለነበሩ ዓለም ተቀበለው። ሴቶች እስከ 1970ዎቹ ድረስ በዚህ ዘዴ ተቆረጡ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች አነስ ያለው ቀዶ ጥገና ከሌላ ሕክምና ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንደሚሰጥ አሳዩ። ተማሪዎቹ የመምህራቸውን ቃል ለመጠየቅ ያን ያህል ዓመት መፍጀታቸው የእሱ ስም ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይነግራችኋል።

ተማሪዎቹን ያሰለጠነበት መንገድ የሬዚደንት ሥርዓት ይባላል። ከጀርመን ያየውን ወስዶ የራሱን ጨመረበት፤ ወጣቱ ሐኪም ሆስፒታሉ ውስጥ እየኖረ፣ ኃላፊነቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ ለብዙ ዓመት ይሠራል። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በዋና ሬዚደንትነት ያስመረቃቸው 17 ብቻ ናቸው። የአንጎል ቀዶ ጥገና አባት የሚባለው ሃርቪ ኩሺንግ በእሱ ሥር ሠልጥኗል። የሐሩን ሕግ በየሆስፒታሉ ያዳረሱትም እነዚህ ተማሪዎቹ ናቸው። እሱ ራሱ ብዙ ጊዜ አይገኝም ነበር። ይጠፋል፣ ሰበብ ይልካል፣ በየዓመቱ ለወራት ብቻውን አውሮፓ ይሄዳል።

ቤቱም እንግዳ ነበር። እሱና ካሮላይን አንድ ቤት ውስጥ በተለያየ ፎቅ ይኖሩ ነበር። ልጅ የላቸውም፤ ያሏቸው ውሾች፣ ፈረሶችና ሰሜን ካሮላይና ተራራ ላይ ያለ ርስት ናቸው። እዚያ ዳሊያ የሚባል አበባ ያበቅል ነበር። ሸሚዞቹን የሚያሳጥበው ፓሪስ ልኮ ነው፤ የባልቲሞር አጣቢ አይጥመውም። ሰው የሚያወራው ስለዚህ ነበር፣ ስለ ሸሚዙ።

ሞርፊኑን የሚያውቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። የሆፕኪንስ የውስጥ ደዌ ኃላፊ የነበረው ታዋቂው ዊልያም ኦስለር አንድ ቀን ሃልስተድ ብርድ ብርድ እያለው ሲንቀጠቀጥ አየውና ነገሩ ገባው። ከዚያ በኋላ ሃልስተድ ነገረው። በቀን 200 ሚሊግራም አካባቢ ሞርፊን ይወስድ ነበር፤ በኋላ ወደ ግማሹ ዝቅ አድርጎታል፣ ማቆም ግን አልቻለም። ኦስለር ማንም ምንም እንዳይጠረጥር ጠበቀለት። ይሄን ሁሉ ስለ ሆስፒታሉ ውስጣዊ ታሪክ በጻፈው ማስታወሻ ላይ አሰፈረ፣ እንዲታሸግም አደረገ።

በ1919 ሃልስተድ ራሱ በሐሞት ጠጠር ተቀደደ። አዎ፣ እናቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የከፈተበት ሕመም ነው። በ1922 ሕመሙ ተመልሶ መጣ። የቀደዱት ራሱ ያሰለጠናቸው ሐኪሞች ናቸው፣ ራሱ ባስተማራቸው መንገድ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሳንባ ምች ያዘው፣ መስከረም 7 ቀን አረፈ። 70 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ካሮላይንም ያው ዓመት ሳያልቅ ተከተለችው።

የኦስለር ማስታወሻ የተከፈተው በ1969 ነው።